ነጥብን ጠብቆ ማንበብ ምንድን ነው?

ፊደል የለየ ልጅ ቃላቱን ሳይደናቀፍ ያነብና አራት ነጥቡን ሳያየው ያልፈዋል፤ የሚቆመው ትንፋሹ ባለቀበት ነው። ነጥብን ጠብቆ ማንበብ ማለት የት እንደሚቆም፣ የት ትንፋሽ እንደሚሰበስብ፣ ድምፁን የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚያደርግ ከምልክቶቹ ተረድቶ ማንበብ ነው።

በአማርኛ ይህ የትርጉም ጉዳይ ነው። «ውሻው መጣ።» እና «ውሻው መጣ?» ቃላቸውም የቃላቸው ተራም አንድ ነው፤ የሚለያቸው መጨረሻ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ግሳችን የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ምልክቱ ደግሞ ከግሱም በኋላ ነው። «ትናንት የገዛነውን ዳቦ ድመቷ በላችው?» የሚለውን የሚያነብ ልጅ የጥያቄ ምልክቱን የሚያየው እዚያ ሲደርስ ከሆነ፣ ድምፁን ለማንሳት ረፍዶበታል። ስለዚህ ዋናው ልምምድ ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከመጀመሩ በፊት «መጨረሻው ላይ ምን አለ?» ይበሉት። ምልክቱን በጣቱ ይንካ፤ ከዚያ ያንብብ።

ጥቅስም እንዲሁ ነው። ተረት ውስጥ «በሩን ክፈቺልኝ!» ከተባለ በኋላ ነው «አላት ጅቡ» የሚመጣው። ልጁ ትዕምርተ ጥቅሱ ሲከፈት የሚዘጋበትን ፈልጎ፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ካየ በኋላ በጅቡ ድምፅ ያንብበው። ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል።

ነጠላ ሰረዝ ላይ «አንድ»፣ አራት ነጥብ ላይ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ማስቆጠር የሚመርጡ አሉ። እኔ አልመክረውም፤ ልጁ ልቡ ታሪኩን ትቶ ቁጥሩ ላይ ይሆናል። ይልቅ እርስዎ አንድ ዐረፍተ ነገር ያንብቡለት፣ እሱ ተከትሎ ይድገመው። ሲለምድ ደግሞ አውቀው ይሳሳቱለት። «ድመቷ ወተቱን ጠጣች። አይጧ ሮጠች።» የሚለውን ነጥቡን ዘለው «ወተቱን ጠጣች አይጧ» ብለው ሲያነቡት ወተቱን የጠጣችው አይጧ ትሆናለች። «ኧረ እዚህ ጋ ነጥብ አለ!» ብሎ እስኪያስቆምዎ ይጠብቁ።

አንድ ነገር አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በቆዩ መጻሕፍትና በመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች ውስጥ በየቃሉ መካከል ያለው ሁለት ነጥብ (፡) ቃልን ከቃል የሚለይ እንጂ የሚያስቆም አይደለም፤ ዛሬ ቦታውን ባዶ ቦታ ተክቶታል። ያልተነገረው ልጅ በየቃሉ ቢቆም አይፈረድበትም።

ገና ፊደል እየለቀመ የሚያነብን ልጅ ግን በነጥብ አያስጨንቁት። ቃላቱን ለማወቅ አንድ ጊዜ ያንብብ፤ ያንኑ ገጽ ሲደግመው ምልክቶቹን ይከተል። ንግግር የበዛበት አጭር ተረት ከሆነ ግማሽ ገጽ ለአንድ ቀን ይበቃዋል።