«ፊክ» ቃል አይደለም! ስለ ግሪንላንድኛ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ግሪንላንድ ዜና ላይ በወጣች ቁጥር አንድ ረጅም የግሪንላንድኛ ቃል ይመጣል። አንዱ ወዳጄ አንድ መስመር ሙሉ የሚሞላ ነገር ይልክልኝና «አየህ፣ ሰዎቹ ቃላትን ዝም ብለው ይቀጣጥላሉ» ይለኛል። እንጀራዬ ቋንቋ ማስተማር ስለሆነ መልስ ይጠበቅብኛል። ሰለቸኝ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። የዴንማርክኛ ዘዬ ነው? አይደለም። የኢኑይት፣ ማለትም የሰሜን ዋልታ አካባቢ ነባር ሕዝቦች፣ ቋንቋ ነው፣ ዘመዶቹ ካናዳና አላስካ ናቸው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የግሪንላንድ ይፋዊ ቋንቋ እሱ ነው። አንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ተአምር ነው? «አልነገርኳችሁም» ስትሉ ስንት ቃል አወጣችሁ?

አሁን ወደ መቀጣጠሉ። የምንቀጣጥለው እኛ ነን። «ትምህርት ቤት» ውስጥ «ትምህርት»ም «ቤት»ም ለየብቻቸው ይኖራሉ። ግሪንላንዶች ግን ትምህርት ቤትን «አቱአርፊክ» ይላሉ። «አቱአር» የማንበብ ግስ ግንድ ነው፤ «ፊክ» ብቻውን አይነገርም፣ ምክንያቱም ቅጥያ ነው። ሥራው ከሱ በፊት ያለውን ግስ ተቀብሎ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ቦታ ማድረግ ነው። ለእኛማ እንግዳ ሊሆን አይገባም፣ «አረፈ»ን «ማረፊያ» እናደርገው የለ? የአውሮፕላን ማረፊያ እነሱ ጋ «ሚታርፊክ» ነው። ይኸው ፊክ! ልዩነቱ እኛ ከፊት «መ» ከኋላ «ያ» ስናደርግ እነሱ ሁሉንም ከኋላ መደርደራቸው ነው።

ድርደራውም እንደፈለጉ አይደለም። «ኢሉ» ቤት ነው፣ ስም። «ቃር» የሚባል ቅጥያ ሲገባ «ኢሎቃርፖቅ» ይሆናል፣ «ቤት አለው» ማለት ነው፣ ስሙ ግስ ሆነ። (ኢሉ ወደ ኢሎ የተለወጠው በቀጣዩ «ቃ» ምክንያት ነው።) የግሱን መጨረሻ «ፖቅ»ን አንሥታችሁ ፊክን ስታስገቡ «ኢሎቃርፊክ»፣ እንደገና ስም። ስምነቱን ወይም ግስነቱን የሚወስነው ሁልጊዜ የመጨረሻው ቅጥያ ነው። ፊክ ራሱም መልኩን ይቀይራል፦ ከአናባቢ በኋላ «ቪክ» ይሆናል፣ ኑክ ከተማ ያለው የመምህራን ኮሌጅ «ኢሊኒአርፊስሱአቅ» ውስጥ ደግሞ «ትልቅ» የሚለው «ሱአቅ» ተከትሎት «ፊስ» ሆኗል። ታዲያ የቱ ጋ ነው ዝም ብሎ መቀጣጠል?

«ቁርጥራጮቹን ካወቅኩ ትርጉሙን አውቃለሁ» የሚሉም አሉ። አንድ ተማሪዬ ኢሎቃርፊክን «ቤት ያለበት ቦታ» ብሎ ጻፈ። ፍቺው ከተማ ነው። «ኑናቃርፊክ» ደግሞ ቃል በቃል መሬት ያለበት ቦታ ነው፣ ትርጉሙ ግን ትንሽ መንደር። መሬት የሌለው ከተማ የት አለ? ስሌት እዚህ አያዋጣም፣ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ለመማር የምታስቡ ካላችሁም የቅጥያ ዝርዝር አትሸምድዱ። ፊክን ብቻ ያዙና የሚገኝባቸውን ቃላት ከነሙሉ ትርጉማቸው ሰብስቡ፤ ሱቅ «ፒሲኒአርፊክ»፣ ቤተ ክርስቲያን «ኦቃሉፊክ» እያላችሁ። ያ ረጅም ቃል ሲመጣላችሁም ከጅራቱ ጀምራችሁ ፍቱት እንጂ ለእኔ አትላኩልኝ።