በከተማ መሬት ላይ ስለሚሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣበት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የግል መሬት የሚባል ነገር የለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ይህንኑ አጽንቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከተማዋን ያዳረሰው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ስለ ቤቶቹ የሚነገሩት ብዙዎቹ ስሕተቶችም የሚመነጩት «መሬቱ የራሳችን ነው» ከሚለው እምነት ነው።

«መሬቱ የከተማው ስለሆነ በነፃ የተገኘ ነው።» የኮንዶሚኒየም ገዢ የሊዝ ዋጋ አይጠየቅም፤ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመንግሥት የቤት ልማት የሚውል ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳልና። ገዢው አልተጠየቀም ማለት ግን ማንም አልከፈለም ማለት አይደለም። ቦታው ቀድሞ የገበሬ ማሳ ወይም የቀበሌ ቤት ሰፈር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ማሳውን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ ካሳ የሚታሰበው በዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ የነበረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህ ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል፤ ልዩነቱ ቀደም ሲል የተነሡት ገበሬዎች ምን ያህሉን ሸክም በራሳቸው እንደተሸከሙ ያሳያል። መንገዱ፣ የውኃ መስመሩ፣ ፍሳሹና መብራቱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ከተማው ገንዘቡን በአብዛኛው ያገኘው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚገዛውን ቦንድ በማውጣት ነው፤ ከምድር ቤቱ የንግድ ሱቆች በጨረታ የሚገኘው ገቢም የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ ለመደጎም ይውላል። ስለዚህ ቤቱን ርካሽ ያደረገው የመሬቱ ነፃ መሆን ሳይሆን ወጪው በሌሎች ትከሻ ላይ መከፋፈሉ ነው።

«ዕጣ ወጣለት ማለት ቤት ደረሰው ማለት ነው።» በ20/80 ፕሮግራም ባለዕድሉ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቀድሞ መክፈል፣ የቀረውን 80 በመቶ ደግሞ ከነወለዱ ለባንክ በየወሩ መመለስ አለበት። ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ነው፤ ሴራሚኩን፣ የወጥ ቤት ሲንኩን፣ የውስጥ በሮቹን የሚያስገባው በራሱ ገንዘብ ነው። ሊፍት በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ የሴራሚክ ካርቶን የወዛደር ዋጋ ይከፍላል። ቅድመ ክፍያውን ከዘመድ ተበድሮ የሞላ ተራ ተቀጣሪ ይህን ሁሉ ችሎ ቤቱ መግባት ይከብደዋል።

«ቤቱን ያከራየ ሰው መጀመሪያውኑ ቤት አያስፈልገውም ነበር።» ይህ ፍርድ ችኩል ነው። ባለዕድሉ ለአምስት ዓመት የተከለከለው ቤቱን መሸጥ እንጂ ማከራየት አይደለም፤ ብዙ ባለዕድልም ራሱ በርካሽ ክፍል እየኖረ በሚያገኘው ኪራይ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል።

«የከተማ ዳር መሬት ርካሽ ስለሆነ ቤቱም በርካሽ ይወጣል።» የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የተመረጡት ሰፊ ቦታ በአንዴ ስለተገኘባቸው ነው። ከተማው ያዳነው ወጪ ግን ጠፍቶ አልቀረም፤ ነዋሪው ማለዳ ተሰልፎ በሚጠብቀው አውቶቡስና ሁለትና ሦስት ታክሲ በመቀያየር ይከፍለዋል። የ2011ዱ ዕጣ ሲወጣ በኮዬ ፈጬ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ደግሞ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ዳር ላይ ያለ መሬት የአዲስ አበባ ነው ወይስ የኦሮሚያ የሚለው ጥያቄ ራሱ ገና አልተዘጋም ነበር። በልደታ እንደተደረገው መሀል ከተማ መሥራት ነዋሪውን ከሥራው አያርቅም፤ ግን በቦታው የነበሩትን ማንሣት ይጠይቃል፣ እነሱም ብዙ ጊዜ የሚላኩት ወደዚያው ዳር ነው።

«በሕዝብ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ሁልጊዜ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ይሆናል።» በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። የአምስት ዓመቱ ገደብ ሲያበቃ ባለቤቱ ቤቱን በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ ሕጉም አይከለክለውም። ሕዝብ የደጎመው ልዩነት በሙሉ የመጀመሪያው ባለዕድል ትርፍ ይሆናል፤ ከተማው ደግሞ ሌላ መሬት ፍለጋ ይወጣል። የቀበሌ ቤት በተቃራኒው ከከተማው እጅ አልወጣም፤ ነገር ግን ለአሥርተ ዓመታት ከጥቂት ብር ያላለፈው ኪራይ የሚያፈስ ጣሪያ እንኳ ማስጠገን አልቻለም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የራሷን ቤቶች ስትሠራ የኖረችው ቪየና (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዛሬ ወደ 220,000 የሚሆኑ የማዘጋጃ ቤት መኖሪያዎችን ሳትሸጥ በኪራይ ታስተዳድራለች፤ ኪራዩም ከገበያው ያነሰ ነው። የእኛን የሽያጭ ውል ሳይሰርዙ መካከለኛ መንገድ ማግኘት ይቻላል፤ ባለቤቱ ሲሸጥ ከተማው ቀዳሚ ገዢ እንዲሆን፣ ዋጋውም ባለቤቱ ያወጣውን ገንዘብና የዋጋ ንረቱን እንዲሸፍን የሚያደርግ አንድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ማስገባት በቂ ነበር። ይህ ስላልሆነ በ1997ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ጊዜ ገና ተማሪ የነበረ ወጣት ዛሬ ጀሞ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲፈልግ፣ ዋጋውን የሚነግረው ደላላ እንጂ ከተማው አይደለም።