ፈሊጥ ሸምድዶ መናገር አይቻልም

«አምስት መቶ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ከነፍቺያቸው» የሚል ዝርዝር የሸመደደ ሁሉ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። አላለቀም። ዝርዝሩ ማን ለማን እንደሚለውና የትኛው ቃል እንደማይነካ አይነግርም።

«ኪክ ዘ በኬት»ን (ቃል በቃል «ባልዲውን በእግር መምታት») እንውሰድ። ፍቺው «ሞተ» ነው፤ ልክ ነው። ነገር ግን የቀልድ አነጋገር ስለሆነ በሐዘን መግለጫ ላይ ከገባ ነውር ነው፤ እዚያ ቦታው የ«ፓስ አወይ» («ዐረፈ») ነው። ሰዋስዉም ጣጣ አለው። ግሡን ወደ ኃላፊ ጊዜ ወስዶ «ኪክድ» ማለት ይቻላል። «ዘ»ን በ«ኤ» ከተካችሁ፣ ባልዲውን ካበዛችሁ ወይም «ዘ በኬት ዋዝ ኪክድ» ካላችሁ ግን ሞቱ ይጠፋና በእግር የተመታ ባልዲ ብቻ ይቀራል። ለሳምንታት ስላጣጣረ ሰውም «ዋዝ ኪኪንግ ዘ በኬት» አይባልም፤ ፈሊጡ የሚይዘው ሞቱን እንጂ ጣሩን አይደለም።

ምስጢር ማውጣትን የሚገልጸው «ስፒል ዘ ቢንስ» ግን «ዘ ቢንስ ወር ስፒልድ» ሲባልም ፍቺው አይጠፋም። ምክንያቱም ባቄላው ምስጢሩን፣ መድፋቱ ማውጣቱን ይወክላል፤ ባልዲው ግን የሚወክለው ነገር የለም። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱ ፈሊጦች ጎን ለጎን፣ እኩል ሆነው ተቀምጠዋል!

ስለዚህ ፈሊጥ ስትመዘግቡ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ጻፉት፤ ተናጋሪውንና ሰሚውን፣ የሚለወጠውንም ቃል አስፍሩ። «ፑል ማይ ሌግ» (ቃል በቃል «እግሬን መጎተት») ላይ «ማይ» በ«ሂዝ» ወይም በ«ኸር» ይተካል፤ እግሩ ግን ምንጊዜም አንድ ነው። ፍቺው መቀለድ፣ ማሞኘት ነው። በአማርኛ «እግሩን እየጎተተ መጣ» ከምንለው ጋር አይገናኝም፤ ለእሱ የሚቀርበው «ድራግ ሂዝ ፊት» ነው፣ እሱም ቢሆን ሆን ብሎ ማጓተትን ያመለክታል።

«ብሬክ ኤ ሌግ» (ቃል በቃል «እግር ስበር») መልካም ዕድል ነው ተብሎ ለሁሉም አይባልም። መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው ነው። ቀዶ ሕክምና ለሚገባ ሰው እንዳትሉት።

ለከባድ ዝናብ የሚባለው «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ከሣር ክዳን ላይ ተንሸራተው ከሚወድቁ ድመቶችና ውሾች መጣ የሚባለው ተረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢሜይል ሲዘዋወር የነበረ ወሬ ነው ያስፋፋው። በዕለት ንግግር «ኢትስ ፖሪንግ» ይበቃል።

«እንግሊዝኛ የትም አንድ ነው» የሚሉም አሉ። ስብሰባ ላይ አንድን ሐሳብ «ቴብል» እናድርገው ሲባል ለእንግሊዙ አሁኑኑ እንወያይበት፣ ለአሜሪካዊው ደግሞ ለጊዜው እንተወው ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገሮች የጦር ሹማምንት በዚህችው ቃል የተነሳ ለረጅም ጊዜ መጨቃጨቃቸውን ዊንስተን ቸርችል ጽፏል። ሁለቱም ወገኖች ባሉበት «ሌትስ ዲስከስ ኢት ናው» ወይም «ሌትስ ፖስትፖን ኢት» በሉና ተገላገሉ።