ትረካ ምንድን ነው? (ድራማ አይደለም)

ሰሞኑን አንድ ሰው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስን በ13 ሰዓት ትረካ ሰምቼ ጨረስኩት፤ ተዋናዮቹ ደግሞ ሲያምሩ!» ሲል ሰማሁ። በዚህ ወር እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም።

አልጨረስከውም ወንድሜ። የሰማኸው ቢቢሲ በ1981 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ ያስተላለፈውን ድራማ ነው። 26 ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት። የቶልኪን የፋንታሲ መጽሐፍ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ ከ50 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ካላመንከኝ ቶም ቦምባዲልን ፈልገው። መጽሐፉ ውስጥ ሲዘፍንና ሲጨፍር ታገኘዋለህ፤ ድራማው ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

ትረካ ማለት ደራሲው የጻፈው ሁሉ ሲነበብልህ ነው። ድራማ ማለት ታሪኩ ለተዋናዮች እንደገና ተጽፎ ሲጫወቱልህ ነው። ልዩነቱ የተዋናይ ብዛት አይደለም። አስር ሰው ተካፍሎ ቢያነበውም ቃሉ የደራሲው እስከሆነ ድረስ ትረካ ነው። ሙዚቃ ስለገባበትም ድራማ አይሆንም። «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» የተባለውን የሳይንስ ፊክሽን ልቦለድ ሬይ ፖርተር ብቻውን ነው የተረከው፤ ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር ሲናገር ግን በዜማ ድምፅ ይሰማል። ያም ሆኖ ትረካ ነው።

ዶሮ ወጥን አስቡ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 12ቱ ብልት ነው። ባለሙያዋ ግን የምትጨነቀው ስለ ሽንኩርቱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ብልቱ ነው፤ ተራኪው በመሀል የሚለው ደግሞ ቁሌቱ። ድራማ ብልቱን ከቁሌቱ አውጥቶ ይጠብስልሃል። ጥብሱ ሊጣፍጥ ይችላል፣ እኔም እበላለሁ። ግን ዶሮ ወጥ በላሁ አትበል። በካሴት ዘመን የነበረው አጭር ቅጂ ደግሞ ሰባት ብልት ብቻ የገባበት ወጥ ነው። እንቁላሉስ? እንቁላሉ ሙዚቃው ይሁን፤ እዚህ ላይ ብዙ አታፋጥጡኝ።

ይሄ ነገር በፋንታሲና በሳይንስ ፊክሽን ላይ የሚብሰው ለምንድን ነው? ሁለት ሰዎች ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለው ቢያወሩ ካፌውን ማንም አይገልጽልህም፤ ታውቀዋለህ። ሁለት ፀሐይ ያለው ፕላኔት ላይ ቁጭ ካሉ ግን ዓለሙን የሚሠራልህ ተራኪው ነው። ተራኪው ሲወጣ ያ ሁሉ ነገር ወደ ተዋናዮቹ አፍ ይዛወራል። አንዱ ለሌላው «አየህ፣ ሁለተኛዋ ፀሐይ ወጣች!» ይለዋል። አጠገቡ ያለውም እኮ ዓይን አለው! ሰውዬው በሆዱ የሚያስበው ነገርማ ወይ ይቀራል፣ ወይ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ጮክ ብሎ ይለፈልፈዋል።

«አንድ ሰው ብቻውን ሲያነበው ይሰለቻል» የሚሉኝም አሉ። የወጋየሁ ንጋቱን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማ ሰው ይህን እንዴት እንደሚል አይገባኝም። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ። ዛሬም ጉዱ ካሳ ሲባል ስንቱ ሰው ጆሮ ላይ የሚመጣው የወጋየሁ ድምፅ ነው።

እኔ የድምፅ ኤዲተር ነኝና አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። በእንግሊዝኛ አንድ ሰዓት የተጣራ (ስህተቱ ተቆርጦ የወጣለት) ንባብ 9,000 ቃል ገደማ ይይዛል ይባላል። በአማርኛ ይህን ቁጥር ይዛችሁ እንዳትሰሉ። «አልነገርኳትም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ ለዚህ አራት አምስት ቃል ያወጣል። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን ወደ 1.5 ከፍ አድርጋችሁ የምትሰሙ ሰዎች፣ ትረካ ይችለዋል፤ ድራማ ግን ሙዚቃው ይንጫጫል፣ የእግር ኮቴው ሁሉ የሚሮጥ ሰው ይመስላል።

ቅልቅልም አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዱን» የተባለው የሳይንስ ፊክሽን ልቦለድ ኦዲዮ ቡክ አንዳንዱን ምዕራፍ በብዙ ተዋናይ፣ ሌላውን በተራኪው ሳይመን ቫንስ ብቻ ያስኬደዋል። ትናንት በአንድ ድምፅ ያወቅኸው ሰውዬ ዛሬ በሌላ ድምፅ ይመጣል። ማን ይሄን እንደፈቀደ እንጃ። ድራማ ሁሉ ደግሞ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» በ1978 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ ነው የተጀመረው፤ መጽሐፉ የመጣው በዓመቱ ነው። እዚያ ላይ ዋናው ድራማው ነው፤ የሽንኩርት ክርክሬን እተወዋለሁ።

መለያው ቀላል ነው። አምስት ደቂቃ ስሙ። «አለ»፣ «አለች» የሚል ከሰማችሁ ብዙውን ጊዜ ትረካ ነው። ድራማ መጀመሪያ የሚጥለው ይህችን ቃል ነው። በነገራችን ላይ በአማርኛ «አለ» የምትመጣው ከንግግሩ በኋላ ስለሆነ ተራኪያችን ማን እንደሚናገር አስቀድሞ በዓይኑ አይቶ ድምፁን መቀየር አለበት። ካላየ «አለች» ላይ ደርሶ ይደነግጣል፤ እኛም እንደገና እንቀዳለን።

ለ13 ሰዓቱ ወንድሜ፦ የሰማኸው ድራማ ግሩም ነው፣ እኔም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መጽሐፉ ግን እየጠበቀህ ነው፤ 50 ሰዓት ያህል ይቀርሃል።