ስለ ፋብሪካ ሥራ ጅማ ላይ የሚባለውና እውነታው

የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2011 ነው። እዚህ ከተማ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ቡናውን እንጂ ፋብሪካውን አይደለም። ስለዚህ አዲስ ለሚቀጠር ልጅ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የሰሚ ሰሚ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ገንዘቡንም ክብሩንም ያሳጣዋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር ላስተያያቸው።

«ሙከራ ላይ ያለ ሰው መብት የለውም»

አለው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ለሥራው ብቁ ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን መብቱ ሙከራውን ከጨረሰው ጋር እኩል ነው።

«ሱፐርቫይዘሩ ቆዩ ካለ መቆየት ግዴታ ነው»

ብዙው ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ኦቨርታይም የሚታዘዘው አሠሪው ሌላ አማራጭ ሲያጣ ብቻ ነው፦ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሰው ለመተካት። ያኔም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም።

ክፍያውንም ሱፐርቫይዘሩ አይተምነውም። የሰዓት ደመወዙ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። በሰዓት 20 ብር የሚያገኝ ሰው የአረፋ ዕለት ኦቨርታይም ቢሠራ ለአንዱ ሰዓት 50 ብር ይደርሰዋል። የቆያችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ራሳችሁ ጻፉ። ወር ሲያልቅ በቃል መከራከር ከባድ ነው።

«የጅማ ልጅ ቡና ሲደርስ ይጠፋል፣ ፋብሪካ አይሆነውም»

ይህ የአለቆች አባባል ነው። በጣም ያናድደኛል። የቡና ለቀማ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ቤት ውስጥ እጅ ይፈለጋል። ይህ በየዓመቱ የሚታወቅ ነገር ነው። አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ አስቀድሞ ተነጋግሮ ተራ በተራ ማውጣት ይቻላል። ደግሞ የለቀቁትን ጠይቋቸው። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ሲገቡም ያውቁት ነበር። ያስመረራቸው ሰው ፊት መሰደብ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ መለመን ነው። ዋናው ሥራ አስኪያጅ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ሠራተኛው ቀኑን የሚውለው ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ነው።

«ማኅበር ያነሳ ይባረራል»

10 ሠራተኛ ካለ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አባል መሆንም ሆነ አሠሪውን መክሰስ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት አይደለም።

«ከለቀቅክ የሥራ ልምድ አይጽፉልህም»

መጻፍ ግዴታቸው ነው፣ ያውም በነፃ። የሠራችሁት ሥራ፣ የቆያችሁበት ጊዜና ደመወዛችሁ ይገባበታል። በራሳችሁ ፈቃድ ስትለቁ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፤ ኮፒው እጃችሁ ላይ ይቅር።