ለወጣትነት ፀሐይ ካሳ፦ የቆዳ ካንሰርና የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች

የሃያ ዓመት መርከበኛ ሸሚዙን አውልቆ ቀኑን ሙሉ የመርከቡን ወለል ሲፍቅና ቀለም ሲቀባ ይውላል። ማታ ጀርባው እሳት ይሆናል፣ በሳምንቱ ይላጣል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ሰባ ዓመት ሲሞላው ጆሮው ላይ አልድን ያለች ቁስል ትወጣለች። ሐኪሙ ቆርጦ ላቦራቶሪ ይልካታል። መልሱ የቆዳ ካንሰር ነው። ያቺን ከሃምሳ ዓመት በፊት ያቃጠለችውን ፀሐይ አሁን በምን ያስመሰክራል?

ጉዳዩ የሚቀርበው ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ወታደሮቹ በአጭሩ ቪኤ ይሉታል። መሥሪያ ቤቱ ከአገልግሎት ጋር ለተያያዘ ሕመም በየወሩ ካሳ ይከፍላል፤ ግብርም የለበትም። ጉዳቱ ከ0 እስከ 100 በመቶ በአሥር በአሥር ይመዘናል። በ2025 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች ነው) ብቻውን የሚኖር ሰው በ10 በመቶ 175 ዶላር ገደማ፣ በ100 በመቶ ከ3,800 ዶላር በላይ ያገኝ ነበር።

ካሳው እንዲፈቀድ በሽታው በምርመራ መረጋገጥ አለበት። በአገልግሎት ዘመን የሆነ ነገር መኖር አለበት። ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም አስተያየትም ያስፈልጋል። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚች ሦስተኛዋ ላይ ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ ብዙም አይረዳም። «የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ ዕድል አያንስም» ማለት አለበት። ሃምሳ በሃምሳ ይበቃል፤ ሚዛኑ እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይፈረዳል። ግን ሰውየው ከጦሩ ከወጣ በኋላ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሲያጠምድ ከኖረ ሐኪሙ ይህንንም አንስቶ መመዘን ይኖርበታል። ዘሎት ካለፈ የቪኤ መርማሪ አይዘለውም።

የፀሐይ ቃጠሎ በሕክምና መዝገብ ላይ እምብዛም አይገኝም። ጀርባዬ ተላጠ ብሎ ክሊኒክ የሚሰለፍ ወታደር ስንት ነው? በፀሐይ መቃጠል ያስቀጣል የሚል ወሬም በጦር ሰፈሩ ይናፈስ ስለነበር ብዙዎች ዝም ብለዋል። ስለዚህ ማስረጃው ከሌላ ቦታ ይለቀማል። ሸሚዝ አልባ ሆኖ የተነሳው አሮጌ ፎቶ፣ ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ፣ የድሮ ጓደኛው የምስክርነት ቃል ሁሉ ይሠራሉ። መቃጠልን ያየ ሰው ለመመስከር ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ለፀሐይ መከላከያ የተሰጣቸው «ቀይ ቬት ፔት» የሚባል ቀይ፣ የሚያጣብቅ፣ ቫዝሊን መሰል ቅባት ነበር። ማን ደስ ብሎት ይቀባዋል!

አንዳንዱን ግን ሕጉ ራሱ ከዚህ ጣጣ ያወጣዋል፤ የእኛ ሕግ አዋቂዎች የሕግ ግምት የሚሉት ነው። በነሐሴ 2022 የተፈረመው ፓክት የተባለው ሕግ በወታደራዊ ቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶች ጭስ ለተጋለጡት ሜላኖማን፣ ማለትም አደገኛውን የቆዳ ካንሰር ዓይነት፣ ከአገልግሎት እንደመጡ በሚገመቱ በሽታዎች ዝርዝር አስገብቷል። በቦታውና በዘመኑ ማገልገሉ ከታወቀ አገናኝ ደብዳቤ አያስፈልግም። ከቦታዎቹ ጎረቤቶቻችንም አሉ፦ ሶማሊያ ከነሐሴ 1990 ወዲህ፣ ጅቡቲ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ። ባዛል ሴልና ስኳመስ ሴል የተባሉት፣ በብዛት የሚታዩት ዓይነቶች ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስኳመስ ሴል የሕግ ግምት የሚያገኘው በሌላ በር ነው፤ በሙከራ ወይም በሥራ ሙሉ ሰውነታቸው ለሰናፍጭ ጋዝ ለተጋለጡ ወታደሮች። ጣሊያን በእኛ ላይ የረጨው ያው መርዝ ነው። በኑክሌር ሙከራ ላይ የነበሩት ጉዳያቸው የሚታየው የጨረሩ መጠን ተገምቶ ነው። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ለረጨችው ቅጠል አርጋፊ መርዝ፣ ለኤጀንት ኦሬንጅ፣ የወጣው ዝርዝር ደግሞ የቆዳ ካንሰርን አይጨምርም፤ ብዙ ሰው ያለ ይመስለዋል።

ለበረራ ሠራተኞች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ፔንታጎን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ1992 እስከ 2017 ያገለገሉ የበረራ ሠራተኞች በሜላኖማ የመያዝ መጠን ከተመሳሳይ ሲቪሎች በ87 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ጥናቱ ምክንያቱን አልወሰነም። ለአመልካቹ ግን ጥሩ አባሪ ነው።

ሐበሻ አንባቢ «ይሄ የነጭ በሽታ ነው» ይል ይሆናል። ግማሽ እውነት አለው። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው፤ ፀሐይም ዋና ተጠያቂ አይደለችም። ስለዚህ ለእኛ ልጆች የፀሐይ ክርክር ደካማ ነው። ጅቡቲ ላገለገለው ግን የጭሱ ግምት ስለ ቆዳ ቀለም አይጠይቅም።

ምዘናው ላይ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ካንሰር ስለተባለ 100 በመቶ አይሰጥም። ያ የሚሰጠው ሕክምናው ከቆዳ አልፎ መላ ሰውነትን የሚነካ ሲሆን ወይም ቀዶ ሕክምናው ዕጢውን ከዙሪያው ቆዳ ጋር አስፍቶ ከመቁረጥም ያለፈ ሲሆን ነው፤ ሕክምናው ካበቃ ከ6 ወር በኋላም እንደገና ይመረመራል። ጆሮው ላይ ተቆርጦ ያለቀለት ሰው የሚመዘነው በጠባሳው ነው። መርማሪው ማስመሪያ ያወጣል። ፊት ወይም አንገት ላይ 13 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወይም በሰፊው ቦታው 0.6 ሴንቲ ሜትር የሚሞላ ጠባሳ 10 በመቶ ያስገኛል። እንዲህ ያሉ ምልክቶች ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ 30 ይሆናል። ያልተለካ ጠባሳ እንደሌለ ስለሚቆጠር ፀጉር የሸፈነውን ሳይቀር ማሳየት ነው።

ማስረጃው እስኪሟላ ከመጠበቅ በፊት «ላመለክት አስቤያለሁ» የሚለውን አጭር ቅጽ ማስገባት ይሻላል። ሙሉው ማመልከቻ በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባ ክፍያው ከዚያች ቀን ሊቆጠር ይችላል። የወታደር ማኅበራት ቅጹን ሲያግዙ ገንዘብ አይጠይቁም። እምቢ ከተባለም አንድ ዓመት አለው፦ አዲስ ማስረጃ አቅርቦ እንደገና ማመልከት፣ በከፍተኛ መርማሪ ማስታየት፣ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ማቅረብ። የወደቀው በደካማ የሐኪም ደብዳቤ ከሆነ የመጀመሪያውን መንገድ ይዞ በተሻለ ደብዳቤ ይመለስ፤ ሁለተኛው መንገድ አዲስ ወረቀት አይቀበልም።