«ለማኝ ነው፣ እንሂድ»፦ በሰው አገር ጎዳና ስለሚጫወቱ ሙዚቀኞች የምንሳሳታቸው ነገሮች

በሰው አገር ከተማ ስንዘዋወር ከምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) መተላለፊያ ወይም ከአደባባይ ጥግ የቫዮሊን ድምፅ ይሰማል። እኔ ልቆም ስል አብሮኝ ያለው ወዳጄ ክንዴን ይዞ «ተው እንሂድ፣ ለማኝ ነው» ይለኛል። ይህን ንግግር ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ይከፋኛል።

«መንገድ ላይ የሚጫወት ሁሉ ለማኝ ነው»

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ አገር ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙ ላሊበሎች አሉ። ማዜም ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ዜማና ምጽዋት በአእምሯችን አንድ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። እነሱም ቢሆኑ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ወዲያው በግጥማቸው የሚያስገቡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ያንን ሳናይ ያደግን ይመስለኛል።

ፓሪስን እንውሰድ። የከተማዋን ሜትሮ የሚያስተዳድረው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሙዚቀኞችን እየፈተነ ይቀበላል። ያለፉት ባጅ ይሰጣቸዋል፤ ቁጥራቸውም 300 ገደማ ነው። የሚጫወቱት በመተላለፊያዎቹ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ መጫወት ክልክል ነው። ለንደንም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ተመሳሳይ አሠራር አላት፤ ሙዚቀኛው የሚቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ በግማሽ ክብ ምልክት ተደርጎበታል። ተፈትኖ፣ ተራ ጠብቆ፣ በሰዓቱ ተገኝቶ የሚጫወት ሰው ሥራ ላይ ነው።

«ጎበዝ ቢሆን ኖሮ አዳራሽ ውስጥ ይጫወት ነበር»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2007 ጠዋት፣ ላንፋን ፕላዛ በተባለው የሜትሮ ጣቢያ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ሰውየው በዓለም ስመ ጥር የሆነው ቫዮሊን ተጫዋች ጆሹዋ ቤል ነው። በእጁ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1713 የተሠራ፣ በሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት፣ የዝነኛው ጣሊያናዊ ሠሪ የስትራዲቫሪ ቫዮሊን ነበር። ነገሩን ያዘጋጀው ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ነው። ቤል 43 ደቂቃ ተጫወተ። 1,097 ሰው አለፈ፤ ቆም ብለው ያዳመጡት 7 ብቻ ነበሩ። ያወቀችው አንዲት ሴት ከሰጠችው 20 ዶላር ሌላ 32 ዶላር ገደማ አገኘ።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች «ሕዝቡ ጥበብ አያውቅም» ብለው ይደመድማሉ። እኔ አልስማማም። ሰዓቱ የሥራ መግቢያ ነበር፤ አላፊው ሁሉ ለቢሮ ይጣደፋል። ቤል እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን በተባለው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቀድሞ አስነግሮ ሲጫወት ሕዝቡ ግጥም ብሎ ሞላ። በቫዮሊኑ ሳጥን ውስጥ የወደቀው ገንዘብ የአላፊውን ጥድፊያ እንጂ የተጫዋቹን ችሎታ አይለካም። ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ሌላ ነው፦ በዚያ ያለፉት ሕፃናት ሁሉ ለማየት ሲሞክሩ ወላጆቻቸው እየጎተቱ ወሰዷቸው።

ዝነኛዋን ፈረንሳዊት ዘፋኝ ኤዲት ፒያፍንም እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ ጎዳና ላይ ስትዘፍን ነበር የምሽት ክበብ ባለቤቱ ሉዊ ሌፕሌ ያገኛት፤ 19 ዓመቷ ነበር።

«ፈቃድ ከሌለው ሕገ ወጥ ነው»

እንደ ከተማው ነው። ሙኒክ ከተማ መሐል ለመጫወት መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ቀርበው ተጫውተው ያሳያሉ፤ በቀን የሚሰጠው ፈቃድም የተወሰነ ነው። ኒው ዮርክ ሜትሮ ጣቢያ ውስጥ ግን ደንቡን አክብሮ ማንም ያለ ፈቃድ መጫወት ይችላል። እዚያም ሙዚቀኞችን በፈተና የሚመርጥ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ግን የተመደበ ቦታና ሰዓት ለመስጠት ነው።

«የምንሰማው የከተማው ጥንታዊ ባህል ነው»

አኮርዲዮን ስንሰማ «ይኸው ፓሪስ!» እንላለን። አኮርዲዮኑን ፓሪስ ውስጥ ያስፋፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጡ የጣሊያን ስደተኞች ናቸው። «ሙዜት» የሚባለው ስልትም ስሙን ያገኘው ከአየር ከረጢት ካለው የንፋስ መሣሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ ፓሪስ ያመጡት ከፈረንሳይዋ ኦቨርኝ ገጠር የፈለሱ ሰዎች ናቸው። ስደተኛ ሆኜ ይህን ሳውቅ ዜማው ይበልጥ ቀረበኝ።

«ገንዘብ ካልሰጠሁ መቆም ነውር ነው»

እኛ አዝማሪን ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈን ነው የምንሸልመው። እዚያ ግን የተጫዋቹን አካል መንካት አይወደድም፤ ሳንቲሙን ከፊቱ በተከፈተው ሳጥን ወይም ባርኔጣ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በካርድ ንክኪ ክፍያ የሚቀበሉ ሙዚቀኞችም አሉ። ቪዲዮ ልትቀርጹ ከሆነ በዓይን እንኳ ጠይቁ፣ ከዚያም የአቅማችሁን ጣሉ።

ኪሳችሁ ባዶ ከሆነም ቁሙ። ባዶ ሳጥን ፊት ሰው ስለማይቆም ብዙዎቹ ሙዚቀኞች የመጀመሪያዎቹን ሳንቲሞች ራሳቸው ይጥላሉ። አንድ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ያየ መንገደኛም እርምጃውን ያቀዘቅዛል።